ፈርሞ መቃወም፦ የፊርማ መግለጫ፣ ቬቶ ወይስ ዝምታ?

ኦገስት 2 ቀን 2017 ዶናልድ ትራምፕ በሩሲያ፣ በኢራንና በሰሜን ኮሪያ ላይ ማዕቀብ የሚጥለውን ሕግ ፈረሙ። በዚያው ዕለት ባወጡት ጽሑፍ ግን ሕጉ ከባድ እንከን እንዳለበትና አንዳንድ አንቀጾቹ ሕገ መንግሥቱን እንደሚጥሱ ተናገሩ። «እንዲህ ከሆነ ለምን ፈረሙት?» ለሚል ሰው መልሱ ድምፅ ቆጠራው ላይ ነው። ረቂቁ በተወካዮች ምክር ቤት 419 ለ 3፣ በሴኔት 98 ለ 2 ነበር ያለፈው። ቬቶ ቢያደርጉት፣ ማለትም አልቀበልም ብለው ቢመልሱት፣ ኮንግረሱ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሽሮት ሕግ መሆኑ አይቀርም ነበር፤ ለፕሬዚዳንቱ የሚተርፋቸው ሽንፈቱ ብቻ ነው። ስለዚህ ፈረሙ፤ ቅሬታቸውንም በወረቀት አኖሩ።

ይህ ወረቀት የፊርማ መግለጫ ይባላል። የሕጉ አካል አይደለም፤ ሕገ መንግሥቱም አያውቀውም። ያም ሆኖ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንሥቶ ፕሬዚዳንቶች ሲጽፉት ኖረዋል። ዋጋው የሚታወቀው ፕሬዚዳንቱ በዚያች ቀን ሊያደርጋቸው ይችል ከነበሩት ሌሎች ነገሮች ጎን ሲቀመጥ ነው። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

አሥር ቀን፣ አምስት መንገድ

ሁለቱ ምክር ቤቶች በአንድ ዓይነት ቃል ያጸደቁት ረቂቅ ለፕሬዚዳንቱ ከቀረበ በኋላ፣ እሑድ ሳይቆጠር፣ 10 ቀን አለው። ይህን የሚደነግገው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 1 ክፍል 7 ነው። ቀኑ የሚቆጠረው ረቂቁ ከጸደቀበት ሳይሆን ከቀረበበት ዕለት ነው። ትልልቅ ሕጎች ከጸደቁ በኋላ ቆየት ብለው ወደ ኋይት ሃውስ የሚላኩበት ጊዜ አለ፤ ማንበቢያ ጊዜ የሚገኘው በዚህ ነው።

በእነዚያ ቀናት አምስት መንገድ አለ። መፈረም፤ ፈርሞ መግለጫ ማውጣት፤ ምክንያትን ጽፎ ረቂቁን ወደ መነጨበት ምክር ቤት መመለስ፣ ማለትም ቬቶ፤ ሳይፈርሙ መተውና ቀኑ ሲያልቅ በራሱ ሕግ እንዲሆን ማድረግ፤ ኮንግረሱ ተበትኖ ረቂቁን የሚመልሱበት ቦታ ከጠፋ ደግሞ ባለመፈረም ብቻ ማስቀረት። የመጨረሻው የኪስ ቬቶ ይባላል።

ስድስተኛ መንገድ የለም። ያልወደዱትን አንቀጽ ሰርዞ የቀረውን መፈረም አይቻልም። ኮንግረሱ በ1996 በበጀት ነክ ጉዳዮች ይህን ሥልጣን ለፕሬዚዳንቱ ሰጥቶ ነበር፤ ቢል ክሊንተንም ተጠቀሙበት፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በ1998 በ6 ለ 3 ድምፅ ሻረው። የፊርማ መግለጫ የሚበዛበት ዋናው ምክንያት ይኸው ነው። የዓመቱ የመከላከያ ሕግ በመቶዎች፣ አንዳንዴም ከሺህ በላይ ገጽ ይዞ ይመጣል፤ የወታደሩ ደመወዝ ጭማሪ፣ የመርከብ ግዢና ፕሬዚዳንቱን የሚያስቆጣ አንድ አንቀጽ አብረው ታስረዋል። ጨውን ከወጥ ለይቶ ማውጣት አይቻልም፤ ያለው ምርጫ ድስቱን መድፋት ወይም «ጨው በዝቶበታል» እያሉ መብላት ነው።

ውስጡን ያየን እንደሆነ፣ ረቂቁ እንደ ቀረበ የኋይት ሃውስ የበጀት ጽሕፈት ቤት ጉዳዩ ለሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች ሁሉ ይልከዋል፤ እነሱም በ48 ሰዓት ውስጥ በጽሑፍ አስተያየት ይሰጣሉ። ቬቶ ይሁን ወይም መግለጫ ይውጣ የሚል መሥሪያ ቤት የቬቶውን ወይም የመግለጫውን ጽሑፍ ራሱ አርቅቆ ማቅረብ ይጠበቅበታል። የሕገ መንግሥት ጥያቄ ያለባቸውን አንቀጾች የሚለቅመው በፍትሕ ሚኒስቴር ያለው የሕግ ምክር ጽሕፈት ቤት ነው። ከአንዱ ፕሬዚዳንት ወደ ሌላው ፓርቲ ቢቀየርም የመግለጫዎቹ አነጋገር የሚመሳሰለው ከአንድ ቢሮ ስለሚወጡ ነው።

የኢትዮጵያን ሥርዓት የለመደ አንባቢ እዚህ ላይ ይጠንቀቅ። በእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 57 ፕሬዚዳንቱ የቀረበለትን ሕግ በ15 ቀናት ውስጥ ይፈርማል፤ ካልፈረመ ሕጉ ያለ ፊርማው ሥራ ላይ ይውላል። ቬቶ ብሎ ነገር የለም። አስፈጻሚውን የሚመራው ጠቅላይ ሚኒስትር የሚመጣው ከምክር ቤቱ አብላጫ ስለሆነ፣ የማይፈልገው አንቀጽ ቀድሞ ረቂቁ ላይ ይቀራል። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ግን ራሱ አስፈጻሚ ነው፤ ኮንግረሱን የተቃዋሚው ፓርቲ ሊይዘው ይችላል። ሁለቱን ፊርማዎች በአንድ ዓይን ማየት ያሳስታል።

መግለጫው የሚወዳደራቸው

ቬቶ ከሁሉ የበረታ ነው፤ ዋጋውም ከሁሉ ይከብዳል። ከ1789 እስከ 2025 መጀመሪያ ድረስ ወደ 2,600 የሚጠጉ ቬቶዎች ተደርገው ኮንግረሱ መሻር የቻለው 112ቱን ብቻ ነው። ይህ ቁጥር ግን ያታልላል፤ ፕሬዚዳንቶች በአብዛኛው ቬቶ የሚያደርጉት እንደማይሻርባቸው ሲያውቁ ነው። ባራክ ኦባማ በ2016 የሴፕቴምበር 11 ጥቃት ተጎጂዎች ሳዑዲ ዓረቢያን እንዲከሱ የሚፈቅደውን ሕግ መልሰው በሴኔት 97 ለ 1፣ በተወካዮች ምክር ቤት 348 ለ 77 ተሸነፉ። ትራምፕም በዲሴምበር 2020 የመከላከያውን ሕግ መልሰው በአዲስ ዓመት ቀን ተሻረባቸው። አንድ ሰው ቬቶን ከመግለጫ ጋር ሲያመዛዝን መጀመሪያ የሚያየው እንግዲህ የመጨረሻውን ድምፅ ነው፤ ከሁለት ሦስተኛ በላይ የራቀ ከሆነ ቬቶው ጩኸት ብቻ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ የሚያየው በዚያው ጥቅል ውስጥ የታሰረውን ነው። ማርች 27 ቀን 2020 የኮሮና ወረርሽኝ ድጎማው ሕግ ሲቀርብ 2.2 ትሪሊዮን ዶላር ይዞ ነበር፤ ሥራ ያጣው ሰው እየጠበቀ ስለ አንድ ተቆጣጣሪ ሪፖርት አቀራረብ ብሎ ያንን የሚመልስ ፕሬዚዳንት አይገኝም። ትራምፕ ፈረሙና ተቃውሞውን በመግለጫ አስቀመጡ።

ሳይፈርሙ መተው ብዙ ጊዜ ይረሳል። ክሊንተን በ1995 የአሜሪካ ኤምባሲ ወደ ኢየሩሳሌም እንዲዛወር የሚያዘውን ሕግ ያደረጉት እንደዚያ ነው፤ እጃቸውን አላስገቡበትም፣ አልመለሱትምም። ኦባማ በዲሴምበር 2016 የኢራን ማዕቀብ ማራዘሚያውን በዚሁ መንገድ አሳለፉት። የሚሰጠው ጥቅም ፖለቲካዊ ነው፤ «ተገድጄ እንጂ ወድጄ አይደለም» ይላል። በሕግ ረገድ ግን ከተፈረመው የሚለይበት ነገር የለም።

ከኤምባሲው ሕግ የሚገኝ ሌላ ትምህርት አለ። ሕጉ ራሱ ፕሬዚዳንቱ ለብሔራዊ ደኅንነት ሲል አፈጻጸሙን በየስድስት ወሩ እንዲያዘገይ የሚፈቅድ አንቀጽ ነበረው። ከክሊንተን ጀምሮ እስከ ኦባማ ያሉት ሁሉ ተጠቀሙበት፤ ኤምባሲው የተዛወረው በሜይ 2018 ነው። እንዲህ ያለ የማዘግያ አንቀጽ በሕጉ ውስጥ ካለ ከየትኛውም የፊርማ መግለጫ ይበልጣል፤ ምክንያቱም ኮንግረሱ በገዛ ድምፁ የሰጠው ነው፤ ማንም «ሕግ ጣስክ» ሊል አይችልም። የፕሬዚዳንቱ ሰዎች ብልህ ከሆኑ መግለጫ ከመጻፋቸው በፊት፣ ረቂቁ ገና በድርድር ላይ ሳለ ይህችን አንቀጽ ያስገባሉ።

የኪስ ቬቶ ኮንግረሱ ሊሽረው አይችልም፤ ሰማይ የሰጠው ይመስላል። ነገር ግን ጊዜው አልፎ አልፎ ብቻ ይገኛል፤ ምክር ቤቶቹ ለአጭር ዕረፍት ሲወጡ ረቂቅ የሚቀበል ሠራተኛ ከወከሉ ደግሞ አይሠራም የሚል የይግባኝ ፍርድ ቤት ውሳኔ ከ1974 ጀምሮ አለ። በዚህ ምክንያት የቅርብ ጊዜ ፕሬዚዳንቶች «በኪስ አስቀርቼዋለሁ» እያሉ ለመጠባበቂያ ረቂቁን ጭምር መልሰው ሲልኩ ታይተዋል።

መግለጫው የሚሠራው የት ነው?

ብዙዎቹ መግለጫዎች ምስጋና ናቸው፤ ረቂቁን ያመጣውን ሴናተር ያመሰግናሉ፣ ለመራጭ ያስታውሳሉ። እነዚህን ዝለሏቸው። ሌሎቹ አንድ አሻሚ ቃል እንዴት እንዲተረጎም ለሚኒስቴሮች መመሪያ ይሰጣሉ። ክርክር ያለው ሦስተኛዎቹ ላይ ነው፤ «ይህ አንቀጽ ሕገ መንግሥቱ የሰጠኝን ሥልጣን ይነካል፤ ስለዚህ እንደ ተጻፈው አልፈጽመውም» የሚሉት።

ታሪኩ አጭር አይደለም። አንድሩ ጃክሰን በ1830 ከዲትሮይት ወደ ቺካጎ ለሚሠራ መንገድ ገንዘብ ሲፈቅዱ፣ መንገዱ ከሚቺጋን ግዛት አልፎ እንዳይሄድ በጽሑፍ ገደቡ። ጆን ታይለር በ1842 የፈረሙት ሕግ ላይ ጥርጣሬአቸውን ጽፈው ከሰነዱ ጋር ቢያስቀምጡ፣ በጆን ኩዊንሲ አዳምስ የሚመራ የምክር ቤት ኮሚቴ የአገርን መዝገብ ማበላሸት ነው ብሎ ነቀፋቸው። ዛሬ የምናውቀው መልክ የመጣው ግን በሮናልድ ሬገን ዘመን ነው። በ1986 ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ኤድዊን ሚዝ ከአንድ የሕግ አሳታሚ ጋር ተስማምተው መግለጫዎቹ ከሕጉ ታሪክ ጋር በአንድ ጥራዝ እንዲታተሙ አደረጉ። ሐሳቡ ግልጽ ነበር፤ ዳኛ የኮንግረሱን የኮሚቴ ሪፖርት ሲያገላብጥ የፕሬዚዳንቱንም ቃል አጠገቡ ያግኝ። በዚያው ዓመት ሳሙኤል አሊቶ፣ ያኔ በፍትሕ ሚኒስቴር ኋላ በጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ኮንግረሱ ፕሬዚዳንቱ የመጨረሻውን ቃል መያዙ ሊከነክነው እንደሚችል በማስታወሻ ጽፈዋል።

ዳኞቹ ግን እምብዛም አልተሳቡም። በ2006 በኩባ ባለው የአሜሪካ ጦር ሰፈር በጓንታናሞ ስለ ታሰሩት ሰዎች የጦር ችሎት በተሰጠው ትልቅ ፍርድ፣ አብላጫዎቹ ዳኞች የጆርጅ ደብልዩ ቡሽን መግለጫ ምንም ክብደት ሳይሰጡት አለፉት። ኮንግረሱ ድምፅ ያልሰጠበትን ጽሑፍ የሕግ ትርጓሜ ማድረግ ያስቸግራል።

እንግዲህ መግለጫው የሚሠራው ችሎት ላይ ሳይሆን ቢሮ ውስጥ ነው። አንድ የመከላከያ ሚኒስቴር ኃላፊ በአንድ እጁ ሕጉን፣ በሌላው የአለቃውን መግለጫ ይዞ ሲቀመጥ ወደ የትኛው እንደሚያዘነብል መገመት አይከብድም። በኮንግረሱ ሥር ያለው የሒሳብ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2007 መግለጫ የወጣባቸውን 19 ድንጋጌዎች መርምሮ ነበር፤ 10ሩ እንደ ተጻፉት ተፈጽመዋል፣ 6ቱ አልተፈጸሙም፣ 3ቱ ተግባራዊ የሚሆኑበት አጋጣሚ አልመጣም። ላልተፈጸሙት ምክንያቱ መግለጫው ነው ለማለት ግን መሥሪያ ቤቱ አልደፈረም።

ቁጥርን በተመለከተ አንድ የተለመደ ስሕተት አለ። «ማን ብዙ መግለጫ አወጣ?» ተብሎ ከተቆጠረ ክሊንተን በ381 ይቀድማሉ፤ ቡሽ ልጁ 161 ብቻ ናቸው። የሕገ መንግሥት ተቃውሞ ያለባቸው ብቻ ሲቆጠሩ ግን የክሊንተን 70፣ የቡሽ 127 ይሆናሉ። የቡሽ እያንዳንዱ መግለጫ ደግሞ በርካታ አንቀጾችን ስለሚያነሣ፣ የተነኩት ድንጋጌዎች ከ1,000 ያልፋሉ። ቆጠራ ስታዩ የተቆጠረው ወረቀት ነው ወይስ አንቀጽ ብላችሁ ጠይቁ።

የተሳካለት፣ ያልተሳካለት

በ1943 ፍራንክሊን ሩዝቬልት የጦርነት ጊዜ በጀት ቀረበላቸው፤ በውስጡ በስም የተጠቀሱ ሦስት የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ እንዳይከፈላቸው የሚከለክል አንቀጽ ነበረበት። በጀቱን መመለስ አይቻልም፤ ፈረሙ፣ አንቀጹ ሕገ መንግሥቱን እንደሚጥስ ግን ጻፉ። በ1946 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አንቀጹን ሻረው። ሰዎችን ያለ ፍርድ በሕግ አውጪ እጅ መቅጣት ነው አለ። እዚህ መግለጫው የሠራው ጉዳዩን ወደ ችሎት የሚወስድ ሰው ስለነበረ ነው፤ ደመወዙን የተከለከለ ሰው መክሰስ ይችላል።

የፓስፖርቱም ጉዳይ እንዲሁ ነው። በሴፕቴምበር 2002 ቡሽ በፈረሙት ሕግ ውስጥ በኢየሩሳሌም የተወለደ አሜሪካዊ ከፈለገ የትውልድ ቦታው «እስራኤል» ተብሎ እንዲጻፍለት የሚያዝ አንቀጽ ነበር። መግለጫው አገርን ዕውቅና መስጠት የፕሬዚዳንቱ ሥልጣን ነው አለ፤ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርም አንቀጹን አልፈጸመም። የአንድ ሕፃን ወላጆች ከሰሱ፤ በ2015 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 6 ለ 3 ለፕሬዚዳንቱ ፈረደ። 13 ዓመት ፈጅቷል።

ያልተሳካለት የ1984ቱ የመንግሥት ግዢ ሕግ ነው። በጨረታ የተሸነፈ ነጋዴ ለሒሳብ ተቆጣጣሪው ቅሬታ ሲያቀርብ ውሉ ባለበት እንዲቆም ሕጉ ያዛል። ሬገን ፈርመው ተቃወሙ፤ አስተዳደሩም መሥሪያ ቤቶች ያንን ክፍል እንዳይፈጽሙ አዘዘ። ኮንግረሱ የጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉን ጽሕፈት ቤት በጀት ሊነፍግ ሲነሣ፣ ፍርድ ቤቶችም ሕጉን ሲደግፉ አስተዳደሩ በ1985 እጁን ሰጠ። ፕሬዚዳንቱ ወረቀት አለው፣ ኮንግረሱ ከረጢቱን ይዟል።

ከሁሉ በንጽሕና የተሠራው ምናልባት የክሊንተን የ1996ቱ ነው። የመከላከያው ሕግ ኤች አይ ቪ በደማቸው የሚገኝ ወታደሮች ሁሉ እንዲሰናበቱ ያዝዝ ነበር። ክሊንተን በፌብሩዋሪ ፈረሙ፤ አንቀጹ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል፣ መንግሥት በፍርድ ቤት አይከራከርለትም አሉ፤ ግን አልፈጽመውም አላሉም። የሕጉን ኃይል ሳይክዱ ተቃውሞውን ወደ ኮንግረሱ መለሱት። በኤፕሪል ኮንግረሱ ራሱ አንቀጹን ሰረዘ።

የሚያሳስበው ችሎት የማይደርሰው ዓይነት ነው። በዲሴምበር 2013 ኦባማ የጓንታናሞ እስረኛ ከመዛወሩ ከ30 ቀን በፊት ለኮንግረስ ይነገር የሚለውን ድንጋጌ ተቃውመው ፈረሙ። በሜይ 2014 አምስት የታሊባን እስረኞች በአንድ የተማረከ አሜሪካዊ ወታደር ሲለወጡ የ30 ቀኑ ማስታወቂያ አልተሰጠም። የሒሳብ ተቆጣጣሪው ሕግ ተጥሷል አለ፤ ነገሩም እዚያው ቀረ። እስረኛው ወጥቷል፤ የመክሰስ መብት ያለው ተጎጂ ማን ይሁን?

የዲሴምበር 30 ቀን 2005ቱም ከዚሁ ወገን ነው። ሴናተር ጆን ማኬይን እስረኛን ማሰቃየት የሚከለክለውን ማሻሻያ በሴኔት 90 ለ 9 አሳለፉ፤ ቡሽ ከሴናተሩ ጋር ከተስማሙ በኋላ ፈረሙ፤ ከዚያ ሕጉን ከጦር ኃይሎች ጠቅላይ አዛዥነታቸው ጋር በሚጣጣም መንገድ እንደሚተረጉሙት ጻፉ። በጁላይ 2006 የአሜሪካ የጠበቆች ማኅበር ግብረ ኃይል አሠራሩ ከሕግ የበላይነት ጋር ይጋጫል አለ። ጥፋቱ ተቃውሞው ላይ ብቻ አልነበረም፤ ጊዜው ነው። በድርድር ተስማምተው እጅ ከተጨባበጡ በኋላ በወረቀት መሸሽ የሚቀጥለውን ድርድር ያበላሻል።

መግለጫ ሲያነቡ

ተቃውሞ የሚያስነሱት አንቀጾች በአብዛኛው የታወቁ ናቸው። ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት የአንድ ኮሚቴ ፈቃድ ይጠየቅ የሚል አንቀጽ፤ ይህን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1983 በሰጠው ፍርድ መሠረት ፕሬዚዳንቶች በልበ ሙሉነት ይቃወሙታል። አንድ ኃላፊ ከፕሬዚዳንቱ ሳያልፍ ለኮንግረስ ሪፖርት ያድርግ የሚል። ከውጭ መንግሥት ጋር እንዲህ ተደራደር የሚል። ማን እንዲሾም የሚያጠብ። ወታደርና እስረኛ ማዛወርን የሚገድብ። ከእነዚህ ውጭ የሆነ ተቃውሞ ካያችሁ ቀስ ብላችሁ አንብቡት፤ አዲስ ነገር አለበት።

ከዚያ ግሦቹን ተመልከቱ። «እንደ ምክር እቆጥረዋለሁ» ማለት አልታዘዝም ማለት ነው። «ከሥልጣኔ ጋር በሚጣጣም መልኩ እፈጽመዋለሁ» ሁሉንም ይዞ ምንም የማይጨብጥ አነጋገር ነው፤ ለመጪው ቀን መጠባበቂያ እንጂ ውሳኔ አይደለም። «በአንዳንድ ሁኔታዎች ሊጥስ ይችላል» ከሁሉ የለዘበ ነው። የክፍሉን ቁጥር ጠርቶ፣ ምክንያቱን ተናግሮ፣ ምን እንደሚያደርግ የሚገልጸው ነው ሊታመን የሚገባው። ኦባማ በማርች 9 ቀን 2009 ባወጡት ማስታወሻ ለራሳቸው ያስቀመጡት መለኪያ ይህንኑ ይመስላል። በዚያው ማስታወሻ መሥሪያ ቤቶች በቀደሙት ፕሬዚዳንቶች መግለጫ ላይ ከመደገፋቸው በፊት ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉን እንዲያማክሩ አዘዙ። የመግለጫ ዕድሜ የጸሐፊው ሥልጣን ዕድሜ መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

መግለጫውን በሕጉ ጽሑፍ ውስጥ አትፈልጉት፤ አይገኝም። በኮንግረሱ ድረ ገጽ የሚገኘው ረቂቁና ሕጉ ነው። መግለጫው በመንግሥት ማተሚያ ቤት በሚወጣው የፕሬዚዳንታዊ ሰነዶች ዕለታዊ ስብስብ ውስጥ፣ እንዲሁም የሳንታ ባርባራው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ባዘጋጀው የፕሬዚዳንቶች ሰነድ ማኅደር ውስጥ በቀኑ ይፈለጋል። ሁለቱን ጎን ለጎን ከፍታችሁ የክፍል ቁጥሮቹን አመሳክሩ፤ ከዚያ የሚቀጥለውን ዓመት የዚያኑ ዓይነት ሕግ አውጡ። የጓንታናሞው ገደብ በየዓመቱ በመከላከያው ሕግ ይመለሳል፤ ተቃውሞውም በኦባማ፣ በትራምፕ፣ በባይደን ዘመን ተመልሷል።

በአሜሪካ ላለው ወገናችን አንድ ነገር እንጨምር። በኤፕሪል 2018 የተወካዮች ምክር ቤት ያሳለፈው ስለ ኢትዮጵያ የሚናገረው 128 ቁጥር ውሳኔ «ሕግ ወጣ» ተብሎ ሲወራ ነበር። እሱ የአንድ ምክር ቤት የአቋም መግለጫ ነው፤ ወደ ፕሬዚዳንቱ አይሄድም፣ አይፈረምም፣ ቬቶም መግለጫም አይመለከተውም። በ2007 በዚያው ምክር ቤት ያለፈው 2003 ቁጥር ረቂቅ ደግሞ በእርግጥ የሕግ ረቂቅ ነበር፤ ሴኔት ስላላጸደቀው ግን ፕሬዚዳንቱ ጠረጴዛ ላይ አልደረሰም። ከቁጥሩ በፊት ያሉትን ፊደሎች እዩ፤ «ኤች.አር.» ወይም «ኤስ.» ብቻ ከሆነ የሕግ ረቂቅ ነው፣ «ኤች.ሬስ.» ወይም «ኤስ.ሬስ.» ከሆነ የአንድ ምክር ቤት ውሳኔ ነው፣ «ጄ» የተጨመረበት የጋራ ውሳኔ ግን የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ካልሆነ በቀር ለፊርማ ይቀርባል።